ከግድግዳው ማዶ የሚሰማ ዜማ፦ የፖል ማካርትኒን ቤዝ ጊታር ለማዳመጥ

ከብዙ ዓመታት በፊት ተከራይቼ የምኖርበትን ክፍል ከጎረቤቴ ክፍል የሚለየው ግድግዳ ስስ ነበር። ጎረቤቴ ማታ ማታ ሙዚቃ ይከፍታል፤ እኔ ዘንድ የሚደርሰው ግን ዘፈኑ አይደለም። ድምፃዊው፣ ሊድ ጊታሩ፣ የድራሙ ጸናጽል ሁሉ እዚያው ይቀሩና ተሻግሮ የሚመጣው ወፍራሙ ድምፅ ብቻ ነው። ይህ ነገር አብዛኛውን ጊዜ እንቅልፍ የሚነሳ ድብደባ ነው። አንድ ምሽት ግን የመጣው ድብደባ አልነበረም። ይወጣል፣ ይወርዳል፣ ትንሽ ያርፋል፣ እንደገና ይነሳል። ሳላውቀው አብሬው ማንጎራጎር ጀመርሁ። የማን ዘፈን እንደሆነ ግን ልለየው አልቻልሁም። በማግስቱ ጎረቤቴን ስጠይቀው የነገረኝ ስም አሳፈረኝ፤ ግጥሙን በቃሌ የምወጣው የቢትልስ "ሰምቲንግ" ነበር። ለካ ዘፈኑን ስሰማ የኖርሁት ግማሹን ብቻ ኖሯል።

ይህ መመሪያ እንደዚያን ጊዜው እንደኔ ላለ ሰው የተጻፈ ነው፤ ዘፈኑን ለሚያውቅ፣ ቤዙን ግን ለይቶ ሰምቶ ለማያውቅ። መሣሪያ መጫወት አይጠበቅብዎትም፤ ኖታ ማንበብም እንዲሁ። ደህና የጆሮ ማዳመጫ፣ አሥር ያህል ዘፈኖችና ጥቂት ምሽቶች ይበቃሉ። መማሪያችን የቢትልሱ ቤዝ ተጫዋች ፖል ማካርትኒ ነው። ሰው ሁሉ የሚያውቀው በድምፁና በዜማ ደራሲነቱ ቢሆንም፣ እኔ ከሁሉ በላይ የማደንቀው በዘፈኑ ሥር ሁለተኛ ዘፈን ስለሚደርስ ነው። ያውም ላይኛውን ሳያውክ። አስቸጋሪው ክፍል ይህ የመጨረሻው ነው፤ ጣቱ የፈጠነ ቤዝ ተጫዋች ሞልቷል።

1. መጀመሪያ የሚሰሙበትን ያስተካክሉ

ቤዝ ጊታር በተለመደው ቅኝቱ አራት ክር አለው። ወፍራሙ ክር ባዶውን ሲመታ በሰከንድ 41 ጊዜ ያህል ይርገበገባል፤ ተከታዮቹ 55፣ 73 እና 98 ጊዜ። የስልክ ትንሽዬ ድምፅ ማውጫ ይህን ያህል ዝቅ ያለ ድምፅ ማውጣት አይችልም። በስልክ ቤዝ የሰማን የሚመስለን፣ ከዋናው ድምፅ ጋር አብረው የሚወጡትን ቀጫጭን ድምፆች ይዞ አእምሯችን የጎደለውን ስለሚሞላልን ነው። ስለዚህ በስልክ የሰሙትን ቤዝ እንደሰሙት አይቁጠሩት። የጆሮ ማዳመጫ ያድርጉ፤ ወይም ደህና ድምፅ ማጉያ ያገናኙ።

ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ የሚሠራው ስህተት አለ፤ የድምፅ ማስተካከያውን (ኢኳላይዘሩን) ከፍቶ ቤዙን እስከ ጣራ ይሰቅለዋል። ይህን አያድርጉ። የሚጨምርልዎት ጉርምርምታውን እንጂ ዜማውን አይደለም፤ እያንዳንዱ ድምፅ ከጎኑ ካለው ጋር ተጣብቆ ገንፎ ይሆናል። ካስፈለገ ላይኛውን፣ ቀጭኑን ድምፅ ትንሽ ይቀንሱት። ከዚያ የተሻለው ግን ከጎረቤቴ የተማርሁት ነው፦ ዘፈኑን በድምፅ ማጉያ ይክፈቱ፣ ከክፍሉ ይውጡ፣ በሩን ይዝጉና ኮሪደሩ ላይ ይቁሙ። ቀጭኑን ድምፅ በሩ ያስቀርልዎታል፤ ወፍራሙ ያልፋል። ቤተሰብ ምን ሆነህ ነው ካለ ሙዚቃ እያጠናሁ ነው ይበሉ፤ እውነት ነው።

ሌላም ዘዴ አለ። በ1960ዎቹ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) የታተሙት የስቴሪዮ ሸክላዎች ብዙ ጊዜ መሣሪያዎቹን በአንድ ወገን፣ ድምፃውያኑን በሌላው ወገን ያስቀምጡ ነበር። ከማዳመጫው አንዱን ከጆሮዎ አውጥተው ቢሞክሩ፣ ዕድለኛ ከሆኑ ቤዙና ድራሙ ብቻቸውን ይቀሩልዎታል። አዲስ ተቀናብረው የወጡት ኅትመቶች (የ2017ቱ "ሰርጀንት ፔፐር"፣ የ2019ኙ "አቤይ ሮድ"፣ የ2022ቱ "ሪቮልቨር") ደግሞ ቤዙን ይበልጥ ጥርት አድርገው ያሰማሉ። ለጀማሪ እነዚህን እመርጣለሁ፤ አሮጌዎቹ ለአንድ ጆሮው ዘዴ ይቆዩ።

2. በ"ታክስማን" ይጀምሩና ያንጎራጉሩ

ዜማ ያለው ቤዝ ለመስማት የመጀመሪያው ዘፈን ቀላልና ተደጋጋሚ መሆን አለበት። የ1966ቱ "ሪቮልቨር" አልበም የሚከፈትበት "ታክስማን" ለዚህ የተሠራ ይመስላል። ቤዙ አንዲት አጭር ሐረግ ይዞ እሷኑ ይመላለስባታል፤ ከታች ይነሳል፣ ወደ ላይ ይዘላል፣ ተመልሶ ይወድቃል። ዘፈኑ የቡድኑ ጊታር ተጫዋች የጆርጅ ሃሪሰን ነው፤ ስለ ግብር የሚያማርር ዘፈን። አካሄዱ በር እንደሚያንኳኳ ግብር ሰብሳቢ ነው፤ አይቸኩልም፣ አይሄድምም።

አሁን የሚያደርጉት ይህ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም ብለው ያዳምጡት። ሁለተኛ ጊዜ በከንፈርዎ "ዱም፣ ዱዱም" እያሉ ቤዙን ይከተሉት፤ ቃና ቢስቱ አይጨነቁ። ሦስተኛ ጊዜ ዘፋኙ ቢጀምርም ቤዙን ማንጎራጎርዎን አይተዉ። ችግሩ እዚህ ጋ ነው የሚመጣው። ጆሯችን የሰው ድምፅ ሲሰማ ሌላውን ሁሉ ትቶ ወደዚያ ይሮጣል፤ ቃል ባለበት ዜማ ይረሳል። ሁለት ሦስት ጊዜ ይጠፋብዎታል። እንደጠፋብዎት ወደ ኋላ ይመልሱት። ዘፋኙ እየዘፈነ ቤዙን ሳይለቁ አንድ ሙሉ ዘፈን ያንጎራጎሩ ዕለት ከባዱ ሥራ አልቋል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ደስታ ነው።

(በነገራችን ላይ መሃል ላይ የሚጮኸውን የጊታር ሶሎም፣ ማለትም ጊታሩ ብቻውን ጎልቶ የሚሰማበትን ክፍል፣ የተጫወተው ማካርትኒ ነው። ዘፈኑ የሃሪሰን፣ ቤዙም ሶሎውም የማካርትኒ። ሃሪሰን ቅር አለመሰኘቱ ያስገርመኛል።)

3. የቤዝ ዋና ሥራ ምን እንደሆነ ይወቁ

ውበቱን ለማየት ግዴታውን ማወቅ ያስፈልጋል። ቤዝ ጊታር በባንድ ውስጥ ሁለት ግዴታ አለበት። ከድራሙ ጋር ሆኖ ምቱን ይይዛል፤ ከጊታሩና ከፒያኖው ጋር ሆኖ ደግሞ ኮርዱ፣ ማለትም አንድ ላይ የሚመቱት ድምፆች ስብስብ፣ ማን እንደሆነ ይናገራል። ሁለተኛውን የሚያደርገው አብዛኛውን ጊዜ የኮርዱን መነሻ ድምፅ በመምታት ነው። ኮርዱ ዶ ከሆነ ዶን ይመታል፤ ፋ ከሆነ ፋን። ይህን ብቻ በታማኝነት የሚሠራ ቤዝ ተጫዋች መጥፎ አይደለም፤ ቤቱ እንዳይፈርስ የሚያደርገው እሱ ነው። በሮሃ ባንድ ካሴቶች የጆቫኒ ሪኮን ቤዝ እየሰማ ያደገ ሰው፣ ከታች ያለው ድምፅ ጭፈራውን እንዴት እንደሚሸከም ማንም ሊያስረዳው አይገባም።

ለዚህ ግዴታ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው የ1963ቱ "ኦል ማይ ላቪንግ" ነው። የቡድኑ ሌላው ጊታር ተጫዋችና ዘፋኝ ጆን ሌነን በጊታሩ እጁ እስኪዝል እየተጣደፈ ይመታል፤ ማካርትኒ ግን በእያንዳንዱ ምት አንድ ድምፅ እየረገጠ በሰፊ እርምጃ ይሄዳል። ከላይ ሩጫ፣ ከታች ጉዞ። ልብ ብለው ካዳመጡ እርምጃው ዝም ብሎ መነሻ ድምፆቹን የሚመላለስ አለመሆኑን ያስተውላሉ፤ ከአንዱ ኮርድ ወደ ሌላው ሲሻገር በመካከሉ ባሉት ድምፆች ላይ እየረገጠ ነው የሚደርሰው፣ ደረጃ እንደሚወርድ ሰው። ይህን ሁሉ የሚያደርገው እየዘፈነ መሆኑን ደግሞ አይርሱ። ጭንቅላት ላይ አንድ ዜማ፣ ጣት ላይ ሌላ።

4. አንድ ድምፅ ሁሉን እንደሚለውጥ በእጅዎ ይሞክሩት

ይህን እርምጃ አይዝለሉት፤ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ኪቦርድ ካለዎት ይቅረቡ፤ ከሌለዎት በስልክዎ ላይ የፒያኖ መተግበሪያ ይበቃል (በማዳመጫ ይሁን እንጂ)። በቀኝ እጅዎ ዶ፣ ሚ እና ሶልን አንድ ላይ ይጫኑና ይያዙ። በግራ እጅዎ ከታች ዶን ይምቱ። ያርፋል፤ ቤቱ የገባ ሰው ይመስላል። ቀኝ እጅዎን ሳያንቀሳቅሱ አሁን ከታች ሚን ይምቱ። ኮርዱ ያው ነው፤ ግን እግሩን አንስቶ ሊሄድ ያለ ይመስላል። አሁንም ቀኝ እጅዎ እንዳለ ከታች ላን ይምቱ። ሐዘን ገባበት። ከላይ ያለው ምንም አልተለወጠም፤ ከታች ያለው አንድ ድምፅ ብቻ ስሜቱን ሦስት ጊዜ ቀየረው።

ቤዝ ተጫዋች በእጁ ያለው ሥልጣን ይህን ያህል ነው። ማካርትኒ ይህን ሥልጣን እንዳለው በደንብ የገባው በ1960ዎቹ አጋማሽ ነው። ዘፋኙ ያውና ያንኑ እየዘፈነ፣ ጊታሩ ያንኑ እየመታ፣ እሱ ከታች ሆኖ የዘፈኑን ፊት ያጠቁራል ወይም ያበራል።

ከሙከራው ቀጥለው የ1968ቱን "ሄይ ጁድ" ይክፈቱ። መጀመሪያ ላይ ቤዝ የለም፤ ድምፅና ፒያኖ ብቻ ናቸው። ይጠብቁት። ወደ አንድ ደቂቃ ገደማ፣ ዜማው ከመጀመሪያው ቤት ወጥቶ ሌላ መንገድ ሲይዝ፣ ቤዙ ይገባል። ሲገባም ወደ ታች አንድ በአንድ ይወርዳል፤ ከላይ ያለው ኮርድ ብዙም ሳይለወጥ ከሥሩ ያለው መሬት ዝቅ እያለ ይሄዳል። ግጥሙ ሸክም ስለ መሸከም በሚያወራበት በዚያ ቦታ ድምፁም ወደ ታች የሚጎትት ነው። ቤዙ ከመጀመሪያዋ ሰከንድ ጀምሮ ገብቶ ቢሆን ኖሮ ይህ መውረድ ማንንም አይነካም ነበር። አንድ ደቂቃ መጠበቁ ራሱ የአጨዋወቱ ክፍል ነው።

5. መሣሪያውንና ስቱዲዮውን ይወቁ፣ ግን አይስከሩበት

ስለ መሣሪያ ማውራት የሚወዱ ሰዎች ሌሊቱን ሙሉ ሊያወሩ ይችላሉ፤ ለማዳመጥ የሚያስፈልገው ግን ጥቂቱ ነው። ማካርትኒ ቤዝ ተጫዋች የሆነው ፈልጎ ሳይሆን ጓደኛው ስቱዋርት ሰትክሊፍ በ1961 ከቡድኑ በመውጣቱ፣ ቦታውን የሚይዝ ሌላ ሰው ስላልነበረ ነው። በዚያው ዓመት ሃምቡርግ ላይ በ30 ፓውንድ ገደማ የቫዮሊን ቅርጽ ያለውን ሆፍነር የተባለ ቤዝ ገዛ። ግራኝ ነው፤ የዚህ ጊታር ሁለቱ ወገን ተመሳሳይ ስለሆነ ተገልብጦ ሲያዝ አያስጠላም። ሆዱ ባዶ፣ አንገቱ አጭር (የሚርገበገበው የክሩ ርዝመት 76 ሴንቲሜትር ያህል ነው፤ የተለመደው የፌንደር ቤዝ ግን 86 ገደማ ነው)፣ ክብደቱ ቀላል። ድምፁ ድምቡሽቡሽ ያለ ነው፤ ሲመታ ብቅ ይልና ቶሎ ይሞታል። አጭር አንገት ለጣት ምቹ ነው፤ ጣት የተመቸው ሰው ደግሞ መንከራተት ይወዳል።

በ1965 ሪከንባከር የተባለውን ሌላ ቤዝ አገኘ፤ አንገቱ የረዘመ፣ ድምፁ የጠነከረና ጫፉ የሚሰማ። ከዚያ በኋላ ያሉትን አልበሞች ከመጀመሪያዎቹ ጋር ሲያነጻጽሩ ቤዙ ከጓዳ ወደ ሳሎን የወጣ የሚመስልዎት በከፊል በዚህ ምክንያት ነው። ሌላው ምክንያት ስቱዲዮው ነው። በዚያን ጊዜ የለንደን ስቱዲዮዎች ቤዙ ከበረታ የሸክላው መርፌ ይዘላል ብለው ይፈሩ ስለነበር ድምፁን ይቀንሱት ነበር። ማካርትኒ ደግሞ የሚያዳምጣቸው የአሜሪካ ሸክላዎች ቤዛቸው ደረት የሚመታ ነበርና ይቀና ነበር። በ1966 "ፔፐርባክ ራይተር" እና "ሬይን" ሲቀረጹ የስቱዲዮው ባለሙያዎች አንድ ትልቅ ድምፅ ማጉያ ገልብጠው እንደ ማይክሮፎን ከቤዙ ማጉያ ፊት ደቀኑት። የሠራ ነገር ነው፤ ሁለቱንም ዘፈኖች ይክፈቱና ልዩነቱን ይስሙ። በተለይ "ሬይን" ላይ ቤዙ አጃቢ መሆኑን የረሳ ይመስላል፤ ወደ ላይኛው ድምፅ እየወጣ ከዘፋኙ ጎን ይቆማል።

በ1967 "ሰርጀንት ፔፐር" ሲሠራ ሌላ ለውጥ መጣ። ብዙ ጊዜ ቤዙን በመጨረሻ፣ ሌላው ሁሉ ተቀርጾ ካለቀ በኋላ ለብቻው ይቀርጸው ጀመር። ይህ ትንሽ ነገር አይምሰልዎ። ከባንዱ ጋር አብሮ የሚጫወት ቤዝ ቀጥሎ የሚመጣውን መገመት አለበት፤ ስለዚህ ይጠነቀቃል። ያለቀ ዘፈን ላይ የሚጫወት ግን ዘፋኙ የት እንደሚተነፍስ፣ ክፍተቱ የት እንዳለ አስቀድሞ ያውቃል። የቡድኑ ድራም ተጫዋች ሪንጎ ስታር የሚዘፍነውን "ዊዝ ኤ ሊትል ሄልፕ ፍሮም ማይ ፍሬንድስ" ያዳምጡ። የሪንጎ ድምፅ ሰፊ አይደለም፤ በጥቂት ድምፆች መካከል ይመላለሳል። ቤዙ ያንን ጥበት አይቶ ከታች ሰፋ ሰፋ እያለ ይንቀሳቀሳል፤ ድምፃዊው ያልደረሰበትን ሁሉ ሄዶ ይነካለታል። ጓደኛን መርዳት በግጥሙ ብቻ አልቀረም።

6. "ሰምቲንግ"ን ለአንድ ምሽት ሙሉ ይያዙት

እስካሁን ያለው ሁሉ ለዚህ መዘጋጃ ነበር። ዘፈኑ የወጣው በ1969 "አቤይ ሮድ" አልበም ላይ ነው፤ የጻፈውና የዘፈነው ጆርጅ ሃሪሰን፣ ርዝመቱ 3 ደቂቃ ያህል። ቢያንስ አምስት ጊዜ ያዳምጡት፤ በየጊዜው ግን የሚፈልጉት ሌላ ይሁን።

በመጀመሪያው ቤዙን ከድራሙ ጋር ብቻ ይስሙት። ሪንጎ በጣም ቆጥቦ ነው የሚጫወተው፤ ያ ቁጠባ ነው ለቤዙ ቦታ የተወለት። ድራሙ ቢንጫጫ ኖሮ ከምናወራው ነገር ግማሹ ባልተሰማ ነበር።

በሁለተኛው ከዘፋኙ ጋር ያለውን ውይይት ይከታተሉ። ሃሪሰን አንድ ስንኝ ጨርሶ የመጨረሻዋን ቃል ሲያሳርፍ ምን ይሆናል? ቤዙ ይነሳል። ወደ ላይ ወጥቶ አንድ አጭር ነገር ይናገርና ለሚቀጥለው ኮርድ በሰዓቱ ከታች ይገኛል። የአገራችን ሰው ይህን ለማወቅ አስተማሪ አያስፈልገውም፤ አዝማሪው ግጥሙን ጥሎ ሲያበቃ ማሲንቆው የሚመልስለትን ያስቡ። ልዩነቱ እዚህ የሚመልሰው ከታች መሆኑ ነው።

ሦስተኛው ጊዜ ለመካከለኛው ክፍል ነው፤ ዜማው ቅኝቱን ቀይሮ ወደ ላይ የሚነሳበትና ድራሙ የሚከብድበት። እዚህ ቤዙ ደረጃ በደረጃ ይወርዳል፤ "ሄይ ጁድ" ላይ የሰሙት ያ መውረድ ነው፣ አሁን ግን በየደረጃው ላይ ተጨማሪ ድምፆች ይዞ። ዘፋኙ እየወጣ ቤዙ ይወርዳል። ሁለቱ በተቃራኒ አቅጣጫ ሲሄዱ በመካከላቸው የሚከፈተው ስፋት ነው ያን ቦታ ትልቅ የሚያደርገው። ሁለቱም አብረው ቢወጡ ጩኸት ይሆን ነበር።

በአራተኛው የጊታር ሶሎውን ይስሙ፣ ግን ጊታሩን ይተዉት። የሃሪሰን ሶሎ ከሮክ ውብ ሶሎዎች አንዱ ነው፤ ስለዚህ ይህ ትእዛዝ ጭካኔ መሆኑን አውቃለሁ። ግን ይሞክሩት። ጊታሩ ረጅም ድምፅ ይዞ ሲያለቅስ ቤዙ ይንቀሳቀሳል። ከሥሩ ሌላ ሶሎ ያለ ያህል ነው፤ ሆኖም ሁለቱ አይገፋፉም።

አምስተኛው ጊዜ ኮሪደሩ ላይ ነው፤ በሩን ዘግተው።

ከዚህ በኋላ መጠየቅ ያለበት ጥያቄ አለ፤ ቤዙ አልበዛም ወይ? የሚሉ አሉ። የፍቅር ዘፈን ነው፣ ዝግ ያለ ነው፣ ምነው ይህ ሁሉ መንቀሳቀስ ይላሉ። እኔም አንዳንድ ቀን እንዲሁ ይሰማኛል፤ በተለይ ሁለተኛው ቤት ላይ። ለመፍረድ የምጠቀምበት ፈተና ይህ ነው፦ ዘፈኑን በሐሳቤ እየሰማሁ ቤዙን በመነሻ ድምፆች ብቻ እተካዋለሁ፤ አንድ ኮርድ፣ አንድ ድምፅ። ያንን እያንጎራጎርሁ ስሄድ ዘፈኑ አይፈርስም፤ ግን ዘፋኙ ብቻውን ይቀራል። የግጥሙ ሰውዬ ስለሚወዳት ሴት እርግጠኛ ያልሆነ፣ የማያውቀው ነገር የሚስበው ሰው ነው። ቤዙ ያንን አለማረፍ ይዞለታል። ስለዚህ እስካሁን ብይኔ "ይቆይ" ነው። የእርስዎ ሊለይ ይችላል፤ ሞክረው ይፍረዱ።

7. የሌለበትን ቦታም ይስሙ

ይህ አጭር ነው። የ1965ቱን "የስተርደይ" ይክፈቱና ቤዝ ጊታሩን ይፈልጉ። የለም። ጊታርና አራት የቫዮሊን ቤተሰብ መሣሪያዎች ናቸው። የ1966ቱን "ኤሊነር ሪግቢ" ይሞክሩ። እዚያም የለም፤ ስምንት የክር መሣሪያዎች ብቻ። ሁለቱም የማካርትኒ ዜማዎች ናቸው። በጊዜው በዓለም ታዋቂው ቤዝ ተጫዋች በራሱ ዘፈን ላይ ቤዙን ከሳጥኑ አላወጣም። "ሰምቲንግ" ላይ በዛ የሚሉት ሰዎች ይህንንም ከሂሳቡ ያስገቡለት።

አንድ ሌላ ነገር ያስተዋልሁትን ልንገርዎ። በጣም የምወዳቸው የማካርትኒ ቤዞች አብዛኞቹ በሌሎች ሰዎች ዘፈኖች ላይ ናቸው። "ታክስማን" እና "ሰምቲንግ" የሃሪሰን ናቸው። "ሬይን"፣ "ዲር ፕሩደንስ" እና "ከም ቱጌዘር" በዋናነት የሌነን ናቸው። መሪ ድምፁን ሌላ ሰው ሲይዘው ጣቱ ነጻ ይሆናል፣ ይህ አንዱ ምክንያት ሳይሆን አይቀርም። ሌላው ምክንያት፣ እኔ እንደምጠረጥረው፣ ዜማ ደራሲ ሰው የሰው ዘፈን ላይ ሲገባ አንድ ነገር ሳይጨምር መውጣት አለመቻሉ ነው። ዘፋኝ እንዲሆን ቦታ ስላልተሰጠው በቤዙ ዘፈነ።

8. ከማን እንደሰማው ሄደው ይስሙ

ጆሮው ከየት እንደመጣ ሳያውቁ ማድነቅ ግማሽ ማድነቅ ነው። መጀመሪያ አባቱ ናቸው። በሊቨርፑል ትንሽ የጃዝ ባንድ የነበራቸው፣ ፒያኖና ትራምፔት የሚጫወቱ ሰው ነበሩ፤ በሬዲዮ ከሚሰማው ሙዚቃ ውስጥ ቤዙን ነጥለው ለልጆቻቸው ያመለክቷቸው እንደነበር ማካርትኒ ተናግሯል። በዚህ መመሪያ የማስተምርዎትን እሱ በልጅነቱ በነጻ ተምሮታል።

ከዚያ አሜሪካዊው የሮክ ኤንድ ሮል ጊታር ተጫዋችና ዘፋኝ ቸክ ቤሪ አለ። የ1963ቱ "አይ ሶው ኸር ስታንዲንግ ዜር" ቤዝ ከአንድ የቸክ ቤሪ ዘፈን እንዳለ የተወሰደ ነው፤ ይህንንም የተናገረው ማካርትኒ ራሱ ነው። ከሌብነቱ በላይ የሚያስደንቀው ያንን ጥድፊያ እየተጫወተ መዝፈኑ ነው።

ዋናዎቹ ግን ሁለት አሜሪካውያን ናቸው። አንዱ የዲትሮይቱ ጄምስ ጄመርሰን፤ ሞታውን በተባለው የሸክላ ኩባንያ ዘፈኖች ላይ ስሙ ሳይጻፍ ዓመታት የተጫወተ፣ ቤዝን እንደ ሰው ድምፅ ያናገረ። "በርናዴት" የተባለውን የ1967ቱን የፎር ቶፕስ ዘፈን ያዳምጡ፤ ከእንግዲህ የሚያንጎራጉሩትን ሰው ሊቀይሩ ይችላሉ። ሌላው የቢች ቦይስ መሪ ብራያን ዊልሰን ነው። በ1966ቱ "ፔት ሳውንድስ" አልበም ላይ ቤዙ በኮርዱ መነሻ ድምፅ ላይ ሳይሆን በሌላ ድምፅ ላይ የሚያርፍበት ጊዜ ብዙ ነው፤ በፒያኖ የሞከሩትን የሚና የላ ነገር እዚያ በየገጹ ያገኙታል። ማካርትኒ በአልበሙ ምን ያህል እንደተነካ ደጋግሞ መስክሯል።

9. ቤዝ ወይም ጊታር በእጅዎ ካለ

ተራ ጊታርም ይሆናል፤ ወፍራሞቹ አራት ክሮች እንደ ቤዝ ናቸው፣ አንድ ኦክታቭ (ከአንድ ዶ እስከ ቀጣዩ ዶ ያለውን ርቀት) ከፍ ብለው እንጂ። ማካርትኒ ብዙውን ጊዜ በፒክ (በጣት በሚያዝ ትንሽ መምቻ) ነው የሚመታው፤ የመዳፉን ጠርዝ በክሩ መነሻ ላይ ጣል አድርጎ ድምፁን አፈን ሲያደርግም ይሰማል። በመጀመሪያ "ታክስማን"ን ይያዙ፤ ቀድሞ በከንፈርዎ ስላጠኑት ጣትዎ ቶሎ ያገኘዋል። ጣት የት እንደሚያርፍ የሚያሳይ ሰንጠረዥ ከኢንተርኔት አይቅዱ። ያንጎራጎሩትን ይፈልጉት፤ ቢዘገይም ከጆሮ ወደ ጣት የሄደ ነገር አይረሳም።

ከዚያ አንድ የሚያውቁትን ዘፈን፣ የፈለጉት አገር ይሁን፣ ይክፈቱና ለሁለት ቀን በመነሻ ድምፆች ብቻ ያጅቡት። በሦስተኛው ቀን አንድ ድምፅ ብቻ እንዲጨምሩ ይፈቀድልዎታል። በሙሉ ዘፈኑ ውስጥ አንድ። የት ይሆናል? ዘፋኙ የሚተነፍስበት? ኮርዱ ሊለወጥ ሲል? ያቺን አንድ ድምፅ ለማስቀመጥ ምን ያህል ጊዜ እንደፈጀብዎት ይቁጠሩ፤ እኔን አንድ ምሽት ሙሉ ፈጅቶብኛል፣ በማግስቱም አወጣኋት።

ለማዳመጥ ብቻ የሚፈልጉ ግን በጊዜ ቅደም ተከተል አንድ ዙር ይሂዱ፤ ከ"ላቭ ሚ ዱ" ጀምረው በ"አቤይ ሮድ" አልፈው ከቢትልስ በኋላ ያቋቋመው ባንድ የዊንግስ የ1976ቱ "ሲሊ ላቭ ሶንግስ" ድረስ፤ እዚያ ቤዙ ከድምፃዊው እኩል ፊት ለፊት ቆሟል። በመነሻው ላይ የሚሰሙት ያ የሃምቡርጉ ሆፍነር ነው። በ1972 ለንደን ውስጥ ከመኪና ላይ ተሰርቆ ከ50 ዓመት በላይ ጠፍቶ ነበር፤ በደቡብ እንግሊዝ በአንድ መኖሪያ ቤት ጣሪያ ሥር ተገኝቶ ለባለቤቱ መመለሱ በ2024 መጀመሪያ ተነገረ። ያ ሁሉ ዓመት ሣጥኑ ውስጥ ሆኖ አጠገቡ ሰዎች ሬዲዮ ከፍተው "ሺ ላቭስ ዩ"ን ሳያዳምጡ አልቀሩም።